ፈተናዋ እስኪያልፍ

ሀቢሶ ላምቤቦ የእናቱን ሞት የሰማው ዳቦ ሲሸጥ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ መስከረም አስራ አምስት፣ ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፤ ቦታው ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ያለው ካትሌሆንግ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ያለ ትንሽ ሱቅ ስፓዛ ይባላል። የስፓዛ ፊቱ በብረት ፍርግርግ የተዘጋ ስለሆነ ዳቦውም፣ ሳሙናውም፣ ሰላምታውም የሚያልፈው እጅ በምታስገባ አንዲት ቀዳዳ ነው። ሀቢሶ በዚያች ቀዳዳ ለአንዲት አሮጊት ግማሽ ዳቦ እያቀበለ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሆሳዕና ያለው አጎቱ ዱካሞ ነበር።

«ብቻህን ነህ?» አለው አጎቱ።

ይህ ጥያቄ ከአገር ቤት ሲመጣ ደግ ነገር ተከትሎት አያውቅም። ሀቢሶ የዘይት ካርቶኖቹ ላይ ቁጭ አለ።

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ወንድ ሁን። እናትህ ዛሬ ጌታ ጋ ሄዳለች። የታመመችው ሦስት ቀን ነው። ነገ እንቀብራለን።» ዱካሞ ትንፋሹን ሳበና ለልቅሶ ፋታ እንኳ ሳይሰጠው ቀጠለ። «እህትህ ማራናታ እንዳትሰማ። ፈተናዋ እስኪያልፍ ማንም እንዳይሰማ። እዚያ ያሉት የእኛ ልጆችም ጭምር። አንዱ ከሰማ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ ልጅቷን በሰው አገር ባዶ ቤት ይገላታል። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር።»

ስልኩ ሲዘጋ አሮጊቷ ዳቦዋን ታቅፋ አሁንም ቀዳዳው ጋ ቆማለች። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሳታይ አልቀረችም። «ኡንጃኒ፣ ማይ ፍሬንድ?» አለችው፤ ደህና ነህ ወይ ማለቷ ነው። «ንጊያፒላ፣ ጎጎ» አላት፤ ደህና ነኝ፣ እማማ ማለቱ ነው። እሷ ስትሄድ ሌላ ሰው መጥቶ ሻማ ጠየቀ። ሀቢሶ ተነስቶ ሻማ ሸጠ።

ይህን ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ጭካኔ ሊመስለው ይችላል። የእኛ ሰው ግን መርዶ ያውቅበታል። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን ባለበት ፈጽሞ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ግራና ቀኝ ደግፎ የሚይዝ ጉልበተኛ ይዘጋጃል፤ አፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ እስኪሟላ ወርም ይፍጅ ዓመትም ይፍጅ፣ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይያዛል። ይህን ውሸት ብሎ የሚጠራ ሽማግሌ አላጋጠመኝም። ሀቢሶ ግን በስልክ፣ ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ ተረዳ። ለበኩር ልጅ ሥርዓት አያስፈልገውም ተብሎ ነው መሰለኝ።

እሱም ቅር አላለውም። እንዲያውም አጎቱ ባያዘው ኖሮ እሱ ራሱ «ማራናታ እንዳትሰማ» ማለቱ አይቀርም ነበር። ምክንያት አለው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ማትሪክ ሊፈተን አራት ቀን ሲቀረው አባቱ ሞተበት። ቤተሰቡ ሞቱን ሊደብቀው ዘመድ ቤት አስቀምጦት ነበር፤ ወሬ ማሳደር የማትችል አንዲት ጎረቤት ግን ገበያ ላይ አግኝታው «አይ ያባትህ ነገር!» ብላ አለቀሰችበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በፈተናው ቀን ሀቢሶ ገብቶ ተቀመጠ። ስሙን ጻፈ። ቀጥሎ የአባት ስም በሚለው ቦታ «ላምቤቦ» ብሎ ጻፈና እርሳሱ እዚያው ላይ ቆመ። ሌላ አንድ ፊደል ሳይጨምር ወጣ። ማትሪክ ደግሞ ሰው ሞተ ብሎ የሚጠብቅ ነገር አልነበረም። በሂሳብ ከክፍሉ አንደኛ የነበረው ልጅ ጥቂት ዓመት ሆሳዕና ውስጥ ሲንከራተት ከረመና በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በሞዛምቢክ አድርጎ እዚህ ፍርግርግ ኋላ ደረሰ።

ማራናታ በስድስት ዓመት ታናሹ ናት። እሷን ማንም አላቋረጣትም፤ ሀቢሶ ከዚያ ከፍርግርጉ ኋላ ሆኖ መንገዷን ጠረገላት። አዲስ አበባ ፊዚክስ ተማረች፤ ከዚያም ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ፈረንሳይ ሄደች። ግረኖብል የምትባለውን ከተማ ተራራ ከቧታል። ዩኒቨርሲቲው ዦዜፍ ፉርዬ ይባላል፤ የመንግሥት ነው፤ ሥራው ሳይንስ፣ ሕክምናና ምህንድስና ነው። ፉርዬ ማን ነው ብሎ ሲጠይቃት «ሙቀት በብረት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በሂሳብ የጻፈ ሰው ነው» አለችው። የእሷ ጥናት ደግሞ በሥጋ ላይ ነው፤ ሐኪሞች ዕጢን በሙቀት ሲያቃጥሉ ሙቀቱ ዙሪያውን ያለውን ደህናውን ሥጋ እንዳይነካ ምን ያህል፣ ለስንት ደቂቃ መስጠት እንዳለባቸው ታሰላለች። ሀቢሶ ይህን ገብቶት ነበር፤ ማትሪክ የወደቀ ሰው ሁሉ ደደብ አይደለም። የዩኒቨርሲቲውን ፎቶ ከኢንተርኔት አሳትሞ ከክብሪቶቹ በላይ ለጥፎታል። ደንበኞች «ቤትህ ነው?» ሲሉት «የእህቴ ነው» ይላል፣ ግቢውን እንዳለ የገዛችው ይመስል።

የዶክትሬቷ የመጨረሻ ፈተና፣ ጥናቷን በፈታኞች ፊት የምታስረዳበት፣ ዲፌንስ የሚሉት፣ ታኅሣሥ አምስት ነው። ከእናቱ ሞት እስከዚያ ሁለት ወር ከሃያ ቀን አለ። ሀቢሶ ይህችን ጊዜ ብቻ ጥርሱን ነክሶ ማለፍ ነበረበት።

ለቀብር መሄድ የማይታሰብ ነው፤ በያዘው የጥገኝነት ፔፐር ከአገር ከወጣ መመለሻ የለውም። ሱቁን ቢዘጋ ደግሞ «ምን ሆነ?» ይባላል። ጢሙን ሳይላጭ ቢከርም ከጸሎት ቤት ልጆች አንዱ «ሀቢሶ፣ ነቢይ ልትሆን ነው ወይስ ልታገባ?» ብሎ ሳቀበት። ሀቢሶም አብሮ ሳቀና በማግስቱ ተላጨ። እሁድ ጸሎት ቤት ሲዘመር አጨበጨበ። አገር ቤት ቢሆን ዳስ ተጥሎ፣ ሰው በሰልፍ እየገባ «ጌታ ያጽናናህ» ሲለው፣ እሱ ሲያለቅስ ሌላው እያባበለው፣ ሌላው ሲያለቅስ እሱ እያባበለ ያልፍለት ነበር። እዚህ ግን ለማልቀስ ጊዜ የሚያገኘው ጭነት ሊያወርድ ወደ ኋላ ክፍል ሲገባ ነው፤ እሱንም ቀዳዳው ጋ ሰው «ማይ ፍሬንድ!» ብሎ እስኪጠራው ድረስ ብቻ። በሰው ተከቦ ብቻውን የሆነ ሰው ካለ ያን ሰሞን ሀቢሶ ነበር።

እሁድ እሁድ ከጸሎት ቤት ሲወጣ በታክሲ ወደ ከተማ ይገባና ጄፒ ይወርዳል። ጄፒ የእኛ ሰው መንገዱንም ፎቁንም የሞላበት ሰፈር ነው። ከአንዱ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በኮምፔንሳቶ የተከፋፈለ የኢንተርኔት ቤት አለ። ሀቢሶ ማራናታን በስካይፕ የሚያገኛት እዚያ ነው። የሱቁን ብረት እንድታይበት አይፈልግም።

በመጀመሪያው እሁድ «እማዬ ስልኳን አታነሳም፤ ጋሼ ዱካሞ ነው የሚያነሳው» አለችው።

«ስልኳ ውሃ ገባበት። ሲም ካርዱን ለእሱ ሰጥታዋለች።»

በሁለተኛው እሁድ እናታቸው የጸሎት ሱባዔ ይዛ ነበር። በሦስተኛው ዱራሜ አክስታቸውን ልትጠይቅ ሄዳለች። ማራናታ አልጠረጠረችም። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚነግሩትን ሁሉ ያምናል፤ ደግሞስ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አራተኛው እሁድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ማራናታ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጸጉሯ ተንጨባርሮ መጣች። የጻፈችውን አንድ ምዕራፍ አስተማሪዋ እንደገና ጻፊው ብላታለች።

«አልቻልኩም፣ ሀቢ። ትቼው እመጣለሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም የራሱን ማሽን ታቅፎ ነው የሚውለው። ከሰኞ ጀምሮ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ እህል አልበላሁም። እማዬ ብትሰማ ምን ትለኝ ይሆን?»

ሀቢሶ ሳያስበው አፉ ተከፈተ። «ሰሞኑን እንደደከመሽ ነገርኳት እኮ። 'አንቺ ልጅ፣ የጎረቤት በሬ እንኳ ትልሙን ሳይጨርስ አይተኛም፤ አንቺ ከበሬ ታንሻለሽ?' ብላሻለች።»

ማራናታ ከት ብላ ሳቀች። «እሷው ናት! ቁርጥ እሷ!»

እውነትም ቁርጥ እሷ ነበረች። ሀቢሶ ራሱ ደነገጠ። የእናቱ ቁጣ፣ የእናቱ ቀልድ፣ ነገርን ወደ በሬና ወደ እንሰት የመመለስ ልማዷ ሁሉ ከአፉ ወጣ። ከፎቁ ወርዶ መንገድ ላይ ሲቆም እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል፤ መንገዱ ላይ ብርድ ልብስ የሚሸጡ ልጆች አለፍ ሲሉ ሲያዩት አቧራ የገባበት ለመምሰል ዓይኑን ያሻሻል። ግን ደስ ብሎትም ነበር። አምላክ ይቅር ይበለው፣ ከዚያ ወዲያ እሁድን መናፈቅ ጀመረ። ሳምንቱን ሙሉ ሳሙና እየቆረጠ፣ ስኳር እየሰፈረ፣ እናቱ ለማራናታ ምን እንደምትል ያስባል። እሁድ ሲሆን ይነግራታል። እህቱ ትስቃለች፣ ትበረታለች፣ ትጽፋለች። የሞተችው ሴት በሳምንት አንድ ቀን፣ ጄፒ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በልጇ አፍ ትናገራለች።

ኅዳር ሲጋመስ በለጥሽ መጣች።

በለጥሽ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ስፓዛ አላት፤ የአንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው። በጸሎት ቤቱ ሴቶች መካከል አፈኛ የምትባለው እሷ ናት፤ ወሬ በለጥሽ ዘንድ ካደረ ያ ወሬ ታሟል ማለት ነው። እሁድ ምሳ ሲበላ ግን ብቸኛ ወንዶችን ሁሉ ሰብስባ የምታበላውም እሷ ነበረች፤ ለሀቢሶ ሥጋው በዛ ያለበትን ሳህን አስቀምጣ «ብላ አንተ፣ ነፋስ ሊወስድህ ነው» ትለዋለች። ያን ቀን በጓሮ በር ገባችና ሻሿን ከራሷ ላይ አወረደች። ሆሳዕና ያለች እህቷ በስልክ ነግራታለች። አፏን ለኡኡታ ስትከፍት ሀቢሶ ዘሎ በመዳፉ ከደናት።

«በለጥሽ፣ በልጆችሽ! በልጆችሽ!»

ነገሩን በሹክሹክታ አስረዳት። በለጥሽ ሻሿን አፏ ውስጥ ወትፋ ስታለቅስ ቆየች።

«ሁለት ወር?» አለች በመጨረሻ። «ሁለት ወር ሙሉ ብቻህን? እኛ ሰው አይደለንም? አጠገባችን ቆመህ ስታጨበጭብ ነበር እኮ!»

«ወር አይሞላም የቀረው። ካለፈላት በኋላ አብረን እንቀመጣለን። አደራሽን።»

በለጥሽ አፏን ትጠብቃለች ብሎ የሚወራረድ ቢገኝ ሀቢሶ በተቃራኒው ይወራረድ ነበር፤ ይሸነፍም ነበር። በለጥሽ ለማንም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የጠበቀችበት መንገድ ግን ጉድ ነው፤ እሱን ባየች ቁጥር እንባዋ ስለሚመጣ እሱን ማየት ተወች። ጸሎት ቤት ውስጥ በሌላኛው ወገን መቀመጥ ጀመረች። መንገድ ላይ ከሩቅ ስታየው ትታጠፋለች። እሁድ ሳህን የሚያስቀምጥለት ሰው ጠፋ፤ ሌሎቹም ተጣልተዋል ብለው እሱን መጥራት ፈሩ። ምስጢሩን ጠበቀችለት፤ እሱን ግን ተወችው።

በዚህ ሁኔታ አስራ አንድ እሁድ አለፈ።

የመርዶው ዝግጅት በአጎቱ በኩል አልቆ ነበር። ሊዮን በምትባለው ከተማ የሻሽወርቅ የምትባል የሆሳዕና ሴት አለች፤ ነርስ ናት። ዲፌንሱ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ማለዳ በመጀመሪያው ባቡር ከሁለት ሴቶች ጋር ሆና ትሄዳለች፤ የማራናታን በር ታንኳኳለች፤ እንደ ወጉ ግራና ቀኝ ይዘው ያረዷታል። የሀቢሶ ድርሻ ቀላል ነበር። ዓርብ ዕለት «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ፣ ስቆ፣ መዝጋት ብቻ።

ዓርብ ሱቁን ዘግቶ ከጠዋት ጀምሮ ጄፒ ኢንተርኔት ቤት ተቀመጠ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። የመሥሪያ ቀን ቢሆንም ቤቱ ሞልቷል፤ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ አንዲት ሴት ለባሏ ስለ ልጃቸው ሳል ትነግረዋለች፤ በወዲህ በኩል አንዱ በጉራግኛ ከወንድሙ ጋር ይከራከራል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ማራናታ ደወለች።

ሰማያዊ ኮት ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ «ዶክተር ማራናታ ላምቤቦ ነኝ!» ብላ ጮኸችበት። ሀቢሶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ። ሁሉን ነገረችው። አምስት ፈታኞች ነበሩ፤ አንደኛው ሽማግሌ በጥያቄ አላላውስ ብሏት ነበር፤ ሁሉም ውጡ ተባሉ፣ ውጭ ቆሙ፣ ግቡ ተባሉ፣ ፈታኞቹም ቆመው ውሳኔውን አነበቡላት። አስተማሪዋ አቅፋታለች። በመጨረሻ ምስጋና ስትናገር አንድ ዓረፍተ ነገር በሃዲይኛ ለእናቷ ተናግራለች፤ አንድም የገባው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን አጨበጨቡ።

«ከዚያ ቂጣ ቢጤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ሁሉም ሄደ። የገና ዕረፍት ሊገባ ነው፤ ባቡር የሚሳፈረው ተሳፈረ። እኔም ክፍሌ መጣሁ።» ከጀርባዋ ነጭ ግድግዳና አንድ አልጋ ይታያል። በመስኮቱ በረዶ ይወርዳል። «ኮሪደሩ ላይ ሰው የለም። እንዲህ ደስ ብሎኝ የምነግረው ሰው ማጣቴ! በል ንገረኝ፤ እማዬ ይህን ስትሰማ ምን ትላለች?»

ሀቢሶ ለዚህች ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጅቶ ነበር። እናቱ እልል ብላ፣ መሬት ስማ፣ «በሬዬ ትልሟን ጨረሰች» እንደምትል አስቦ ነበር። አፉን ከፈተ። እናቱ በአፉ ውስጥ አልነበረችም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሀቢሶ ስንቅ እዚያች ላይ አለቀ።

«ሀቢ? መስመሩ ቆመ እንዴ? ምስልህ አይንቀሳቀስም።»

አልቆመም። የቆመው እሱ ነው።

«ማራናታ» አለ። «እማዬ አርፋለች።»

የእህቱ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ይመስል ፊቷ ላይ ቆየ። «መቼ?»

«መስከረም አስራ አምስት።»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ትቆጥራለች።

«የበሬው ነገርስ?»

«እኔ ነኝ።»

«'ጉልበትሽ አይድከምብኝ፣ የኔ ማር' ያለችኝስ? ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ የሠራሁት...»

«እኔ ነኝ፣ ማሪዬ። ሁሉም እኔ ነኝ። እንደኔ እንዳትሆኚ ብለን ነው። ፈተናው እንዳያልፍሽ...»

«ቀኑን ማዛወር ይቻል ነበር እኮ!»

ሀቢሶ አልገባውም። «የቱን?»

«ዲፌንሱን!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «አንድ ደብዳቤ ነው። እናቴ ሞታለች፣ በቃ። ሞሮኳዊው ጓደኛዬ አባቱ ሲሞት ሦስት ወር ነው ያዛወሩለት። አስተማሪዬ ራሷ ነበረች እስከ አውሮፕላን ጣቢያ የምታደርሰኝ። ሄጄ እቀብራት ነበር። ቀብሬ፣ አልቅሼ፣ ተመልሼ እፈተን ነበር። ማትሪክ አይደለም፣ ሀቢሶ! ማን ጠየቀ? አንዳችሁ እንኳ ማንን ጠየቃችሁ?»

ማንም ማንንም አልጠየቀም ነበር። ከዱካሞ እስከ ሀቢሶ፣ ሐዘንተኛን የሚጠብቅ ትምህርት ቤት በዓለም ላይ ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ሀቢሶ በእርሳስ የተጻፈ የአባቱን ስም እያየ ነው ይህን ሁሉ ወር የኖረው።

ማራናታ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ድምፅ የሌለው ልቅሶ ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ የለመደች ሰው ልቅሶ። ከዚያ ድንገት ቀና አለች።

«አንተስ?» አለች። «አንተን ማን አረዳህ?»

«ጋሼ ዱካሞ። በስልክ።»

«ማን ነበር አጠገብህ?»

«ሱቅ ነበርኩ።»

«ከዚያ በኋላስ? ሰው እንዳይሰማ ካላችሁ... ሀቢ፣ ማን አብሮህ ተቀመጠ?»

«ማንም» ሊል ነበር። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደረሰና ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ። ሀቢሶ ጮኸ። «እማዬ!» ብሎ፣ ከሆዱ፣ ሁለት ወር ከሃያ ቀን የታፈነውን ሁሉ ይዞ ጮኸ። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ኮምፔንሳቶው ተንቀጠቀጠ። «እማዬ! የኔ እናት! ሳልቀብርሽ!»

ሴትዮዋ የልጇን ሳል ወሬ አቋረጠች። ጉራጌው ክርክሩን ተወ። ወንበር ተንፏቀቀ፣ ጆሮ ላይ የነበረው ማዳመጫ ሁሉ ተነቀለ። ማን ሞተበት ብሎ የጠየቀ የለም፤ እንዲህ ያለውን ጩኸት የእኛ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ከኋላ መጥቶ በብብቱ ሥር ደግፎ ያዘው። ሌላው ትከሻው ላይ እጁን ጣለ። የቤቱ ባለቤት የደረጃውን በር ዘጋ። ስሙን የማያውቁ ሰዎች «አይዞህ ወንድሜ» እያሉ አብረውት አለቀሱ፤ ሴትዮዋም በነጠላዋ ጫፍ እንባውን ጠረገችለት።

ሀቢሶ ትንፋሽ ሲያገኝ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ማራናታ ዓይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር፤ ከኋላው የተሰበሰበውን ሰው፣ ትከሻው ላይ ያሉትን እጆች።

«ሀቢ» አለች በቀስታ። «አንተ ጋ ሰው መጣልህ።»

«መጣ።»

«እኔ ጋ ማንም የለም።»

ሀቢሶ ያኔ ነው የገባው። ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ፣ በሰው መካከል፣ ግራና ቀኝ ይዘው የሚያረዱት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ቅዳሜን ሳይጠብቅ፣ ለራሱ ማስተንፈሻ ብሎ፣ በባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን አረዳት። እሱን ያደረጉትን እሱም አደረጋት።

ስልኩን አውጥቶ የሻሽወርቅ ጋ ደወለ። «ነግሬያታለሁ። ይቅር በይኝ፤ ነግሬያታለሁ።» የሻሽወርቅ አልወቀሰችውም። «አሁን ያለውን ባቡር እይዛለሁ፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አልፈጅም። እንዳትዘጋባት» አለችው።

ሀቢሶ ወንበሩን ለቀቀ። የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ነቅሎ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገና ካሜራውን ወደ ሰዎቹ አዞረ። «እህቴ ናት» አለ። «ፈረንሳይ ነው ያለችው። አሁን ነው የተረዳችው፤ ብቻዋን ናት።»

ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም። ሴትዮዋ ቀድማ ጎንበስ አለችና ወደ ስክሪኑ «ጌታ ያጽናናሽ፣ እህቴ» አለች። ጉራጌው «አላህ ሶብር ይስጥሽ» አለ። የቤቱ ባለቤት አማትቦ «ነፍሷን ይማር» አለ። በየተራ፣ አንድ በአንድ፣ ሁሉም ስሙን እየነገራት አለፈ። ከዚያ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው ሲሚንቶው ላይ፣ በኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ማራናታ ሰማያዊ ኮቷን አወለቀች፤ አንሶላዋን ከአልጋው ገፍፋ ትከሻዋ ላይ ጣለችና እሷም መሬት ላይ ተቀመጠች። በዚህም በዚያም ተለቀሰ። ሲደክማቸው ሀቢሶ ስለ እናቱ ነገራቸው፤ ስለ ቁጣዋ፣ ስለ ቀልዷ፣ የእውነቱን ብቻ።

ግረኖብል ውስጥ በር ሲንኳኳ በድምፅ ማጉያው እስኪሰማ ድረስ ከመሬት የተነሳ ሰው አልነበረም።